ፊውዝና ኅሊና

ትልቁን ነገር ለማዳን ሲል ራሱን የሚያቃጥል ትንሽ ነገር ምን ዓይነት ክብር ይገባዋል? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በሆሳዕና፥ በሾኔ ወይም በዱራሜ ጊታር ለሚመታ ወጣትና ማጉያውን ለሚጠግን ባለሙያም የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

የቀድሞው ዓይነት የጊታር ድምፅ ማጉያ የሚሠራው እንደ አምፖል በሚግሉ የመስተዋት ቫልቮች ነው። ዛሬ ትራንዚስተር በብዙ ሥፍራ ቢተካቸውም፥ ስለ ድምፁ ለዛ ሲሉ ያልተዉት ጊታር መቺዎች ብዙ ናቸው። በመብራቱ መግቢያ ላይ ፊውዝ አለ፤ ይኸውም በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ነው። ከተወሰነለት ልክ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይቀልጣል፤ መሥመሩም ይቋረጣል።

እንግዲህ በመዝሙር ወይም በሠርግ መካከል ማጉያው በድንገት ዝም አለ እንበል። ሕዝቡ ይጠብቃል። አንዱ የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ይመልሰዋል፤ ሌላው በ1 አምፔር ፈንታ የ5 አምፔር ያስገባል። ድምፁ ይመለሳል፥ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ነገር ግን እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1841 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ 5 እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 25 እጥፍ ይሆናል። በጥቂት ብር የሚገዛው ፊውዝ ዝም ሲሰኝ፥ ውዱ ትራንስፎርመር ይነዳል፤ ከዚያም አልፎ እሳቱ ለአዳራሹና በውስጡ ላሉት ሰዎች ሊተርፍ ይችላል።

አስተዋይ ባለሙያ ግን አስቀድሞ ይጠይቃል። መሣሪያው ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ሲሆን በእኛው 220 ቮልት ላይ ተሰክቶ ይሆን? ይህ ካልሆነ፥ ፊውዝም በዕድሜ ሊደክም ስለሚችል፥ በልኩ አንድ ጊዜ ይተካዋል። ዳግመኛ ቢቃጠል ከሶኬቱ ይነቅለዋል፤ ነገር ግን ኮንደንሰሮቹ ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል ኃይል ይዘው ሊቈዩ ስለሚችሉ፥ ይህ ኃይል መውጣቱን ሳያረጋግጥ እጁን ወደ ውስጥ አይሰድም። ከዚያ ቫልቮቹን አውጥቶ ይሞክራል። ፊውዙ ከጸና ጥፋቱ ያለው ከቫልቮቹ ዘንድ ነውና አንድ በአንድ እየመለሰ ይለየዋል፤ ያለ ቫልቭም ከተቃጠለ ጥፋቱ በትራንስፎርመሩ ወይም በኮንደንሰሮቹ አካባቢ ይፈለጋል።

በማኅበራዊ ኑሮም እንዲህ ያለ ፊውዝ አለ። «ያልገባ ዕቃ ገባ ብዬ አልፈርምም» የሚል የግምጃ ቤት ሠራተኛ፥ ለወገኑ አላደላም የሚል ሽማግሌ፥ ሁሉም ሥራ ያስቆማሉ ተብለው ይወቀሳሉ። ብዙ ጊዜ ስለ ጥፋቱ ከመመርመር ይልቅ እነርሱን ማዛወር ይቀልላል። በአማርኛ «ሴራ» ክፉ ምክር ማለት ሲሆን፥ በከምባታ ግን ሴራ የሚባለው ማኅበረሰቡ የሚተዳደርበት ሥርዓት ነው። የሥርዓት ጥቅሙም ጠብ ሳይነሣ፥ ደም ሳይፈላ፥ ልኩ አስቀድሞ መታወቁ ነው። በፊውዝ ላይ የተጻፈውም ቍጥር እንደዚሁ ነው፤ ሕዝቡ ስለ ቸኰለ አይለወጥም።

«በጥቂቱ ሁሉ የሚቋረጥ ሰውስ ሥራ አያሰናክልምን?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። ማጉያው ሲበራ ለቅጽበት ከልማዱ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ዘግይቶ የሚቀልጥ ፊውዝ መርጠውለታል። ይህ ፊውዝ ለአፍታ የመጣውን ይታገሣል፥ የሚዘልቀውን ጥፋት ግን አያሳልፍም። ትዕግሥትና ቸልታ የሚለያዩትም በዚህ ነው፤ ታጋሽ ሰው ልክ አለው፥ ቸልተኛ ግን በብርማ ወረቀት እንደ ተጠቀለለ ፊውዝ ሁሉን ያሳልፋል።

አባቶች «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ፊውዝ ሲቃጠል በሽታው ተገለጠ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤትም ሆነ በአዳራሽ፥ አለቃ የሆነ ሰው የተቋረጠው ነገር እንዲቀጥል ከማዘዙ በፊት ስለምን እንደ ተቋረጠ ይጠይቅ፤ አልፈርምም ያለውንም ሰው ምክንያቱን ሳይሰማ ከቦታው አያንሣው።