ዮሐንስ የሚለው ስም ትርጓሜ



ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአምበርም ሆነ በሌላው የጎጃም አገር ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣለታል። ወላጆቹ ግን በቤት ስሙ ይጠሩታል፤ የክርስትና ስሙም ከክርስትና አባቱና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያስበው ሳይኖር ዘመን ያልፋል። ሰውየው ሞቶ ለፍትሐት ስሙ ሲጠየቅ ቤተ ዘመዱ እርስ በርሱ ይተያያል። በጸሎት የሚነሣው ይህ ስም ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከነዚህ ስሞች አንዱን እንመርምር።

ዮሐንስ የዕብራይስጥ ስም ነው፤ ጥንቱ ዮሐናን ይባላል። «ዮ» የእግዚአብሔር ስም በአጭሩ ነው፤ «ሐናን» ራራ፣ ቸርነት አደረገ ማለት ነው። ሐና የሚለው የሴት ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የጽርእ ሰዎች የ«ሐ» ድምፅ ስለሌላቸው እርሱን ትተው በመጨረሻው «ስ» ጨመሩ። ግእዛችን የጽርኡን «ስ» ሲቀበል የዕብራይስጡን «ሐ» አልጣለም። ዛሬ ብዙ ሰው በሀሌታው «ሀ» ይጽፈዋል፤ ኃጢአት አይሆንበትም፤ ነገር ግን የምሕረቱ ቃል ያለው በሐመሩ «ሐ» ነው።

ሉቃስ በ1ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፣ በ8ኛው ቀን የተሰበሰቡት ዘመዶች ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደዱ። እናቱ እንቢ ብትል፣ ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ተከራከሯት። (ይህ ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ አያት ያወጣው ስም ሳይጸና አክስት ሌላ ታወጣለች።) አንደበቱ ተይዞ የነበረው አባት ሰሌዳ ለምኖ መልአኩ የነገረውን ስም ጻፈ፤ ያን ጊዜም አንደበቱ ተፈታ። ኤልሳቤጥ ማለት እግዚአብሔር መሐላዬ ነው፤ ዘካርያስ ማለት እግዚአብሔር አሰበ ማለት ነው። ሦስቱን ስሞች አያይዞ ያነበበ ሰው፣ እግዚአብሔር መሐላውን አስቦ ራራ የሚል ቃል ያገኛል። ልጁ በአባቱ ስም ቢጠራ ኖሮ ቃሉ ሳይፈጸም በቀረ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ካሣ ይባሉ ነበር። ካሣ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ የሞተበት ወላጅ ለምትኩ የሚያወጣው ስም ነው፤ ዮሐንስ ግን የጠፋውን ሳይቈጥር የሰጪውን ቸርነት ይናገራል። እኒሁ ንጉሠ ነገሥት በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው በጎጃም አነገሡ። ከተማቸው መንቆረርም በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለ። ማርቆስ የሮማውያን ስም ነው፤ የዕብራይስጥ ስሙ ዮሐንስ እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 12 ይመሰክራል። እንግዲህ ሚያዝያ 30 ቀን ከአምበር ተነሥቶ ለንግሥ የሚወርድ ሰው የሚያከብረው አንድ ዮሐንስን ነው።

ስም ብቻውን ግን አያድንም። የቃሬያ ልጅ ዮሐናን የእግዚአብሔርን ፈቃድ ጠይቅልን ብሎ ኤርምያስን ለመነ፤ መልሱ ደስ ባላሰኘው ጊዜ ሕዝቡን ይዞ ወደ ግብፅ ወረደ። በእግዚአብሔር ርኅራኄ እየተጠራ ርኅራኄውን አላመነም።

ስለዚህ ካህናት አባቶች ሕፃኑን አጥምቀው ለእናቱ ሲመልሱላት የስሙን ትርጓሜ በሁለት ቃል ቢነግሯት መልካም ነው፤ እርስዋም ልጁ ፊደል በቈጠረ ጊዜ ያንኑ ስም በሐመሩ «ሐ» በእጁ ታጽፈው።