የመለስከውንም ቁጠር

ልጄ፣ በእጅህ የሞቱ በሽተኞች ቁጥር ከነስምህ ሊወጣ መሆኑ እንቅልፍ ነስቶሃል አሉ። ኒውዮርክ ልብ የሚቀድ ሐኪም ከዚህ አያመልጥም፤ ኒውስደይ ጋዜጣ የግዛቱን ጤና መሥሪያ ቤት በ1991 እ.ኤ.አ. ከስሶ ከረታ ወዲህ የእያንዳንዱ ሐኪም ውጤት የአደባባይ ነው።

"ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል" ትለኝ ይሆናል። ተረቱ ለቤት ገመና ይሠራል፤ ለቀዶ ሕክምና ክፍል ግን አይሆንም። በሽተኛውን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እያልን የምናናዝዘው እኛው አይደለን እንዴ?

የእንግሊዙን የብሪስቶል ሐኪም ቤት አስታውስ። ልባቸው የሚቀደድ ሕፃናት ሞት መብዛቱን ማደንዘዣ ሰጪው ሐኪም ስቲቨን ቦልሲን ቆጥሮ ቢናገር ሰሚ አጣ፤ ኋላም ኑሮውን አውስትራሊያ አደረገ። በ2001 የወጣው የምርመራ ዘገባ እንዳለው፣ ከ1991 እስከ 1995 ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ከሚጠበቀው በላይ ከ30 እስከ 35 የሚሆኑ ሞተዋል። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሲንሾካሾኩበት የኖሩትን ነገር ልጁን ያስረከበ ወላጅ አያውቅም ነበር።

ፍርሃትህ ግን ከንቱ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ በልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና (ባይፓስ) የሚደርሰው ሞት፣ የሕመሙ ክብደት ተሰልቶ፣ ከ1989 እስከ 1992 በ41 በመቶ ቀነሰ ተብሎ ተጨበጨበ። በዚያው ሰሞን ታዲያ መዝገቡ ላይ የሳንባና የኩላሊት በሽታ በዛ። ሕዝቡ በድንገት ታሞ አይመስለኝም፤ ሕመሙ ከብዶ ሲጻፍ ሞቱ ይቀልላላ! ከዚህም የሚከፋው አቅመ ደካማውን ሽማግሌ "ለቀዶ ሕክምና አይሆኑም" ብሎ መሸኘት ነው። ቤቱ ተመልሶ ቢሞት በማንም ስም አይጻፍም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

እንግዲህ ከቁጥሩ ጋር አትጣላ፣ ግን አትገዛለት። ከባድ በሽተኛ ሲመጣ ብቻህን አትወስን፤ ባልደረቦችህን ሰብስብና ለምን እንደቀደድክ ወይም እንደተውክ በዕለቱ አስፍር። ጥቂት ሰው የቀደደ ሐኪም በአንድ ሞት ብቻ ቁጥሩ እንደሚያሻቅብ ከዝርዝሩ ጎን እንዲጻፍ ተከራከር። በሽተኛው ውጤትህን ከሰው አፍ እንዲሰማ አትተወው፤ ወንበር ስበህ፣ ሚስቱም ባለችበት፣ ራስህ ንገረው። የመለስካቸውን ሰዎች ግን ማንም አይቆጥርልህም፤ ለእነሱ የራስህን ደብተር ያዝ፤ ጥቂት ወራት ቆይተህም ቤታቸው ደውልና የት እንደደረሱ ጠይቅ።