«የእውነት ነው?»

ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነበር። አንድ ወዳጄ ለልጆች የሚሆን አስቂኝ የጠፈር ጀብዱ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እንጀራዬ ከብዕሬ ነው፤ ቋሚ ደመወዝ የለኝም፤ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬም ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ያስተማረኝ ነገር የለም። ቢሆንም እሺ አልኩ። ሦስት ጠፈርተኞች መረጥኩ፤ አያ ጅቦ አዛዥ፣ እመት ጦጣ አብራሪ፣ አህያ ደግሞ እንደ ልማዷ ጭነት ተሸካሚ። አያ ጅቦ ጨረቃ ላይ ወርዶ ማንም የማያውቀው አገር መድረሱን እንዳረጋገጠ የለመደውን «ቁርበት አንጥፉልኝ» ይላል፤ የሚያነጥፍለት ቀርቶ የሚሰማው እንኳ ያጣል። አህያ በበኩሏ መንኮራኩሩ ውስጥ ጭነቱ ሁሉ እንደ ላባ ሲንሳፈፍ ታያለች። በዘሯ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው። «ከእንግዲህ ወዲያ ምድር ወደሚባል አገር አልመለስም» ብላ ታድማለች።

ጽሑፉን ይዤ ደጋን ወረድኩ። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እህቴ ትዳር ይዛ የምትኖረው እዚያ ነው። ማታ ደጅ ላይ ቁጭ ብለን፣ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ፣ ለልጆቿ አነበብኩላቸው። ሳቁ። አህያዋ ስታድም የሰባት ዓመቱ ትንሹ ልጅ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም የደራሲ ነገር ሆኖብኝ ደረቴን ነፋሁ።

ሳቁ ሲበርድ ልጁ ጠጋ አለኝ።

«አጎቴ፣ የእውነት እንስሳ ወደ ሰማይ ሄዶ ያውቃል?»

«አዎ፤ ላይካ የምትባል ውሻ ሄዳለች።»

«ተመለሰች?»

መሽቷል፤ ልጁ ሊተኛ ነው፤ ደስታውንም ማደፍረስ አልፈለግሁም። «ተመልሳለች» አልኩት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ልጁን ጓሮ አገኘሁት። አንድ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ፊት ለፊቱ ፀሐይ ላይ አቁሞ ቁጭ ብሏል። የደጋን ፀሐይ እንደ ከተማዋ ስም ደጋ ደጋ የምትል አይደለችም። «ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «እስክትመለስ እየጠበቅሁ ነው» አለኝ። ጣሳውን ብድግ ሳደርገው እጄን አቃጠለኝ። ክዳኑን ስከፍተው ውስጡ አንዲት ጫጩት ነበረች፤ አጠገቧ ለስንቅ የተቀመጠላት ጥቂት የማሽላ ፍሬ አለ። ጫጩቷ ሞታለች። ልጁ አላለቀሰም። ቀና ብሎ አየኝና፣ «አጎቴ፣ ትመለሳለች ብለኸኝ አልነበር?» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ልጅን ለማሳቅና ላለማሳዘን ሲባል እውነትን መለወጥ ይፈቀዳልን? ከሆነስ እስከ የት?

አስቀድሜ እውነቱን ልናገር። ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተለቀመች ባለቤት የሌላት ውሻ ነበረች። ጥቅምት 24 ቀን 1950 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት ሁለተኛዋ ስፑትኒክ እሷን ይዛ ተተኮሰች። መንኮራኩሯ ወደ ምድር የምትመለስበት መሣሪያ አልነበራትም። ይህም በስሕተት የሆነ አልነበረም፤ ላይካ እንደማትመለስ የላኳት ሰዎች ከመነሻው ያውቁ ነበር። ቀኖችን ያህል በሕይወት ቆይታ ያለ ሥቃይ እንደ ሞተች ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖረ። በ1995 ዓ.ም. ግን እውነቱ ወጣ፤ ከተተኮሰች በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሙቀትና በድንጋጤ ነበር የሞተችው። መንኮራኩሯም ሬሳዋን ይዛ ከአምስት ወር በላይ ምድርን ስትዞር ከርማ ሚያዝያ 6 ቀን 1950 ዓ.ም. ተቃጥላ ጠፋች። በሙቀት ሞተች የሚለውን ቀደም ሲልም አንብቤው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያ ጣሳ እጄን ሲያቃጥለኝ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁሉ አንድ ነገር ከልቤ አይወጣም። ውሾቹን ያዘጋጁ የነበሩት ሐኪም ቭላዲሚር ያዝዶቭስኪ ከመተኮሷ በፊት ላይካን ቤታቸው ወስደው ከልጆቻቸው ጋር አጫውተዋታል። የቀራት ዕድሜ ትንሽ ስለነበር አንድ መልካም ነገር ላደርግላት ፈለግሁ ሲሉ ኋላ ተናግረዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ልጆቹ ነው። ውሻዋ ከቤት ስትወጣ አባታቸውን «መቼ ትመለሳለች?» ብለው ጠይቀዋቸው ይሆን? ጠይቀውስ ከሆነ ምን መለሱላቸው?

በዚህ ነገር የሚሞግቱኝ ሰዎች አሉ። አንዱ ወዳጄ፣ «ተረት እኮ ድሮም ውሸት ነው፤ ጦጣ አትናገርም፤ ጅብም ቁርበት አልለመነም፤ ታዲያ ስለ አንዲት ውሻ ይህን ያህል መጨነቅ ምን አመጣው?» ይለኛል። መልካም ሙግት ነው። ነገር ግን አያቶቻችን ተረታቸውን በር ሠርተውለት ነበር። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጁ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል፤ ይህ የመግቢያው በር ነው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ ደግሞ ይወጣል። በሁለቱ በሮች መካከል ጅብ ቢናገርም፣ አህያ ብታድምም የሚታለል የለም፤ ሁሉም የት እንዳለ ያውቃልና። ልጁ «የእውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን በሩን ከፍቶ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ተራች አይደለሁም፤ ምስክር ነኝ። የእኔ ጥፋት አህያዋን ጠፈር መላኬ አልነበረም፤ ለምስክርነት ስጠራ ተረት መናገሬ ነው።

ሁለተኛው ሙግት ከበድ ያለ ነው። «እንስሳቱ ቀድመው ባይሄዱ ኖሮ ሰው ይሞት ነበር» ይላል። ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ወጥቶ በሰላም የተመለሰው ውሾች መንገዱን ከጠረጉለት በኋላ ነው። ይህን አልክድም። እኔም በግ የሚታረድበት፣ በሬ የሚጠመድበት፣ ጀርባው የተላጠ አህያ በየመንገዱ የሚነዳበት አገር ልጅ ነኝ። ስለ አንዲት የሞስኮ ውሻ አልቅሼ የደጃፌን አህያ ባላይ ግብዝ እሆናለሁ። ሆኖም በግ አርደን ስንበላ በጉ ፈቅዶ ቢላዋ ሥር ተኛ አንልም። ለጠፈር እንስሳት ግን የራስ ቁር እናለብሳቸዋለን፣ አፍ እንሰጣቸዋለን፣ «ጀግና ጠፈርተኛ» እንላቸዋለን፣ ሞስኮ ላይ ለላይካ በ2000 ዓ.ም. እንደተደረገው ሐውልት እናቆምላቸዋለን። ሐውልቱን አልነቅፍም፤ ማስታወስ ከመርሳት ይሻላል። ነገር ግን ጀግና የሚባለው አደጋውን አውቆ የሄደ ነው። እሷን ማን ጠየቃት? ያልተጠየቀን ፍጡር ፈቃደኛ አድርጎ ማቅረብ ለላኪው ሕሊና የሚደረግ ውለታ ይመስለኛል።

ሳቅም እንዲሁ ያታልላል። አሜሪካኖች ጥር 23 ቀን 1953 ዓ.ም. የላኩት ሃም የተባለ ቺምፓንዚ ካሜሩን ውስጥ ከዱር የተያዘ ነበር። ሥራውን የተማረው ሲሳካለት በምግብ፣ ሲሳሳት በእግሩ መዳፍ በሚሰማው ኤሌክትሪክ ነው። በሕይወት ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ ጥርሱን ገልጦ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ «እየሳቀ ነው» አለ። ቺምፓንዚ ግን እንዲያ ጥርሱን የሚገልጠው ሲፈራ ነው። እኛ የሳቅነው እሱ የሳቀ መስሎን ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ልጆችን እናስለቅስ? የለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሁሉንም ነገር በአንድ ማታ መስማት አለበት አልልም። ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም። «ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» ብለው ኖሮ በማግስቱ ጣሳውን ባልገጠመ ነበር። እኔ ለራሴ ያወጣኋት ትንሽ መመዘኛ ይህች ናት፤ ልጁ የነገርኩትን አምኖ አንድ ነገር ቢያደርግ ማን ይጎዳል? ማንም የማይጎዳ ከሆነ በተረቱ በር ውስጥ እንሳቅ። የሚጎዳ ካለ ግን፣ ጫጩትም ብትሆን፣ ማጣፈጡን ትቼ እንዳለ ልንገረው።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ እውነተኛ ደስታ የሚገኝበት ታሪክ በእጄ እያለ መዋሸቴ ነው። ነሐሴ 13 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር የቡሄ ዕለት፣ ቤልካና ስትሬልካ የተባሉ ሁለት ውሾች ከአይጦችና ከአንዲት ጥንቸል ጋር ወደ ጠፈር ወጡ፤ በማግስቱም በሕይወት ተመለሱ። ስትሬልካ ኋላ ስድስት ቡችሎች ወለደች፤ አንደኛዋም ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለኬኔዲ ቤተሰብ በስጦታ ተላከች። ይህን ብነግረው ልጁ ይስቅ ነበር፤ እኔም አልዋሽም ነበር። ግን የሚመለሱት የተመለሱት የማይመለሱት ቀድመው ስለሄዱ እንደሆነ አንድ ቀን መንገሬ አይቀርም።

ያን ዕለት ማታ ደጅ ላይ ተቀምጠን ለልጁ እውነቱን ነገርኩት። ላይካ አልተመለሰችም፤ ትናንት የዋሸሁህ እኔ ነኝ፤ ጫጩቷም የሞተችው አንተ ክፉ ስለሆንክ አይደለም፤ እኔን ስላመንከኝ ነው አልኩት። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ልጁ ብዙ ዝም አለ። በኋላም፣

«ሰውየው ለምን ራሱ አልሄደም?» አለኝ።

«ኋላ ሰውም ሄዷል። በመጀመሪያ ግን እንዳይሞት ፈራ።»

«ላይካስ አልፈራችም?»

«ፈርታለች» አልኩት። «ግን እንቢ ማለት አትችልም ነበር።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ተነሥቶ ወደ ቤት ሲገባ የዶሮዋን ቅርጫት ከፍቶ የቀሩትን ጫጩቶች ሲቆጥር ሰማሁት።

ጽሑፉን ለወዳጄ አስረክቤያለሁ። አያ ጅቦ አሁንም ቁርበት ይለምናል፤ አህያዋም እንዳደመች ናት፤ ልጆች ይስቁበት። መጀመሪያው ላይ ግን «ተረት ተረት» የምትለዋን ጨምሬያለሁ፤ መጨረሻው ላይም የመውጫውን በር አልረሳሁም። ከበሩ ውጪ ቆሞ «የእውነት ነው?» የሚል ልጅ ሲመጣ የሚመልስለት መጽሐፉ አይደለም፤ አጠገቡ ያለው ትልቅ ሰው ነው።