በመካከል ያለው

ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች አንድ እምነት አለን፤ ክፍሎቹን ለየብቻ ካወቅን ሙሉውን እንዳወቅን እንቆጥራለን። ጉዳትንም የምንለካው እንደዚሁ ነው። አንድ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ሲበተን «እያንዳንዱ ቤተሰብ ምን አጣ?» እንላለን። ሁሉም ምትክ ቤት ካገኘ ሒሳቡ ተዘጋ። ግን ማንም ለብቻው ያልያዘው ነገር ሊጠፋ ይችላል ወይ?

ፊዚክስ አንድ ምሳሌ አላት። በ2005 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጋሊየም አርሰናይድ በሚባል ሰሚኮንዳክተር ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖችን በቮልቴጅ አጠመዱ። ወጥመዶቹ ኳንተም ዶት ይባላሉ። ሁለቱ መጀመሪያ አንድ ዶት ውስጥ አብረው ሲቀመጡ ስፒናቸው ተቆራኝቶ «ሲንግሌት» የሚባል ጥምረት ይፈጥራል። ከዚያ ቮልቴጁ ሲቀየር አንዱ ወደ ጎረቤት ዶት ይሻገራል፤ ቁርኝቱ ግን ወዲያው አይበጠስም።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ ብትለኳቸው ሁሌም ተቃራኒ ናቸው። አንዱን ብቻውን ስትለኩት ግን እንደ ተወረወረ ሳንቲም ግማሽ በግማሽ ነው። በኳንተም ንድፈ ሐሳብ ይሄ የእኛ አለማወቅ አይደለም፤ ስለ ጥንዱ ሊታወቅ የሚችለው ሁሉ ታውቋል፣ ለየብቻቸው የያዙት መልስ ግን የለም። ሽሮዲንገር በ1935 ሙሉውን አሟልቶ ማወቅ ክፍሎቹን አሟልቶ ማወቅ እንዳልሆነ ጽፎ ነበር።

ጥምረቱ ካልተንከባከቡት በ10 ናኖሴኮንድ ገደማ ይደበዝዛል፤ በዙሪያው ያሉት የአተም ኒውክሊየሶች መግነጢሳዊ መስክ ይረብሸዋል። ተመራማሪዎቹ «ስፒን ኤኮ» በሚባል ዘዴ ዕድሜውን ከ1 ማይክሮሴኮንድ በላይ አደረሱት። ልብ በሉ፣ ሲደበዝዝ ሁለቱም ኤሌክትሮኖች በየቦታቸው አሉ። አንዱን ለብቻው ብትመረምሩት አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው። የጠፋው በመካከላቸው የነበረው ነው።

ሰው ኤሌክትሮን አይደለም፤ ከላብራቶሪ የሥነ ምግባር ሕግ አይቀዳም። አንዱ ሌላውን በድሎ «ችግሩ የግንኙነታችን ነው» ቢል ማምለጫ ነው። ግን «እያንዳንዱ ምንም ካላጣ የጠፋ ነገር የለም» የሚለን ሰው ይህን እንደ ግልጽ እውነት ሊያቀርብልን አይችልም። በኤሌክትሮን እንኳን አልሠራም።

ስለዚህ የተበተነው ዕድር፣ «ቡና ጠጡ» የሚለው የጎረቤት ጥሪ፣ ልጅን ጎረቤት ትቶ ገበያ የመሄድ መተማመን በካሳ ዝርዝር ውስጥ ባይታይ አይገርምም። ማንም ለብቻው አልያዘውማ። ቤት ለቤት ስንቆጥር ባዶ የሚወጣልን ለዚህ ነው። ጎረቤታሞችን አብሮ ማስፈርም የካሳው አካል እንጂ ተጨማሪ ቸርነት አይደለም።