ጽድቅ የዕድገት ምትክ አይደለም

ከደባርቅና ከዳባት እስከ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ጽድቅ ነው የምትሠሪው» ትባላለች። እውነት ነው፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ሕሙምን መጠየቅ በፍርድ ቀን ከሚቆጠሩ ምግባሮች መካከል ያኖረዋል። ይህ ግን ዕድገቷን ለማዘግየት ምክንያት ይሆናል? በሉቃስ ምዕራፍ 10 ለስብከት የተላኩት አርድእት እንኳ ደመወዝ እንደሚገባቸው ተነግሯቸዋል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ ሁለት ሁለቱን በየቀበሌው መደበ፤ የደረጃ 4 ሥልጠና የመጣው ኋላ ነው። ማዕረግ ርኅራኄን ያቀዘቅዛል የሚሉ አሉ። ሐኪም ሲሾም ግን ርኅራኄው ቀዘቀዘ የሚል የለም፤ ታዲያ ድህነት የፍቅር ማረጋገጫ እንዲሆን የሚጠየቀው ከእሷ ብቻ ለምንድን ነው? የጤና ቢሮ ኃላፊዎች ሆይ፣ ወደ ነርስነትና አዋላጅነት የሚያደርሰውን በር ክፈቱላት፤ በገጠር ያገለገለችበትም ዘመን ይቆጠርላት።