ምርጊቱ የማን ነው?

በቂሊንጦ ዛሬ ዓይን የሚይዙት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን አገሩ የገበሬ ነበር፤ በየማሳው ዳር የጭቃ ቤት ይታይ ነበር።

እስቲ ያንን ቤት በጥሞና እንመልከተው። «የጭቃ ቤት» እንበለው እንጂ ክዳኑን የተሸከመው ጭቃው አይደለም፤ እንጨቱ ነው። ቋሚው ጉድጓድ ተቆፍሮ ይተከላል፤ ማገሩ አግድም ይማገራል፤ ጣሪያው በእነርሱ ላይ ያርፋል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ ከሰነበተ በኋላ ክፍተቱን ይደፍናል። ጭዱ የሚገባው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ነው። እንጨቱ በአብዛኛው በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የቤቱ ድካም ከታች ነው፦ አፈር ውስጥ የተቀበረውን የቋሚውን እግር ምስጥና እርጥበት ይበሉታል። የአቃቂ ዋልካ አፈር ደግሞ ክረምት እያበጠ፣ በጋ እየተሰነጠቀ ግድግዳውን ያናጋዋል።

በዚሁ ስልት የተሠሩ ጥንታዊ የገበሬ ቤቶች በእንግሊዝ ገጠርም አሉ። አጽማቸው ኦክ ከሚባል ጠንካራ ዛፍ ነው፤ መካከሉ በቀጫጭን እንጨት ተጠልፎ በጭቃና ጭድ ተመርጓል። አምስት መቶ ዓመት የዘለቁ አሉ። የታችኛው አግዳሚ እንጨት ከአፈር ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ መቀመጡ ጠቅሟቸዋል። ሆኖም ድንጋዩ ብቻውን አላቆያቸውም። ምርጊቱ ሲረግፍ የሚመርግ፣ ክዳኑ ሲያፈስ የሚከድን ሰው በየትውልዱ አላጡም።

ታዲያ በየጊዜው እጅ የሚሻ ቤት ሸክም ነው ወይስ ጸጋ? «ብሎኬት ሠርቼ ልረፍ» የሚለውን ወጣት አልወቅሰውም። የጭቃ ቤት የሚናፍቀውም ሰው ውሃ ሲቀዳና ጭቃ ሲረገጥ የጎበጠውን የእናቶች ወገብ አይርሳ።

ክርክሩም አዲስ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በ622 እ.ኤ.አ. ወደ መዲና ሲሰደዱ የሠሩት መስጂድ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የቴምር ግንድ፣ ክዳኑ የቴምር ዝንጣፊ ነበር፤ ዝናብ ሲጥልም ያፈስ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ያሰፉት በዚያው ዓይነት ዕቃ ነው። ዑስማን (ረ.ዐ.) ግን በተጠረበ ድንጋይና በኖራ አሠሩት፤ ጣሪያውንም ሳጅ በሚባል ውድ እንጨት አደረጉት። እንደነበረ ቢቆይ የወደዱ ሰዎች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ሠሩት። እንግዲህ ጭቃን ትቶ ድንጋይ መያዝ በራሱ ነውር አይደለም።

ከጭቃው ጋር የቀረብን ሌላ ነገር ነው። ምርጊት የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፣ ልጆች ጭቃ ይረግጣሉ፣ ቡናው ይፈላል። የባልቴቷ ግድግዳ ሲረግፍ ከመንገድ ስለሚታይ «አላየሁም» ማለት አይቻልም።

በኮንዶሚኒየም ደረጃው፣ ጣሪያውና የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የጋራውን አያያዝ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቶታል። ሕጉ መልካም ነው፤ ግን «የጋራ» የሚለው ቃል በአፋችን «የማንም ያልሆነ» ወደ ማለት ያዘነብላል። መዋጮ ሲጠየቅ «እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ የምድር ቤቱ ፍሳሽ ምን አገባኝ?» የሚል አለ። ይህን የሚለው ሰው ሰላቱን በጊዜው የሚሰግድ፣ ዘካውን የሚያወጣ ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ሐቅ በሩ ድረስ መጥቶ የሚያበቃ ይመስለዋል። የድሮው ጎረቤት ከእርሱ የበለጠ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ቤቱ ራሱ ያስገድደው ነበር። እኛን ግን ኮንክሪቱ አያስገድደንም፤ ቢሰነጠቅም በዝግታ ነው፤ እስኪታይ ድረስም ቤቱን ሸጠን ልንሄድ እንችላለን።

በእናንተ ሕንፃ የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ስንት ቀን ሆነው? ሦስተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ለሱብሒ የሚወርዱት ግድግዳውን እየዳበሱ ነው።