ባዶው ወንበር የማን ነው?

በሱዳኗ ካርቱም ባሕሪ ከተማ ውስጥ የቤት መኪና የሚገዛ ሰው ከፍጥነቱ በፊት የሚጠይቀው ብዙ ነገር አለ። ዋጋው ስንት ነው? ነዳጅ ይበላል? መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል? ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ደግሞ ስፋቱ ይመጣል፤ አያትና የልጅ ልጅ አብረው የሚኖሩበት ቤት ጠባብ መኪና አይበቃውምና። ሲያማርጥም ዓይኑ የሚያርፈው በሚያውቃቸው ላይ ነው፦ በቢጫ ታክሲነት ከተማዋን ሲያገለግሉ የኖሩት ኮሮላዎች፣ ከካርቱም በስተደቡብ እ.ኤ.አ. በ2000 በተመረቀው የጊያድ የኢንዱስትሪ ከተማ የተገጣጠሙት ሂዩንዳዮች፣ አቅም ከፈቀደም ሰፋ የምትለው ሶናታ።

የ2000ዎቹ ኮሮላ ከፊት ጎማዋ እስከ ኋላ ጎማዋ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ትለካለች። የዚያው ዘመን ሶናታ 2 ሜትር ከ73 ነች። የ13 ሳንቲሜትሩ ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ኋላ ለተቀመጠ ሰው ጉልበት ነው። ይህ ቦታ ለማን ነው የሚያስፈልገው የሚለውን ግን ሜትር አይመልሰውም።

ሱዳኖች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ስትገነጠል ሱዳን ከነዳጅ ምርቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች፤ በተከታዮቹ ዓመታት የነዳጅ ሰልፍና የትራንስፖርት እጥረት የካርቱም ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለመኪናው መንገድ ዳር የቆመውን አይቶ ይቆማል፤ ሒሳብ ሳይጠይቅ እስከሚሄድበት ያደርሰዋል። ይህን ልማድ ፈድል ዘህር (ትርፍ መጓጓዣ) ይሉታል። ምንጩ የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ ያስተላለፉትና በሰሒሕ ሙስሊም የሰፈረ ሐዲስ ነው። በአንድ ጉዞ ላይ አንድ ሰው በእንስሳው ላይ ሆኖ ግራ ቀኝ እያየ ሲመጣ ነቢዩ ትርፍ መጓጓዣ ያለው ለሌለው፣ ትርፍ ስንቅ ያለውም ለሌለው እንዲሰጥ አዘዙ። ከዚያም የንብረት ዓይነቶችን አንድ በአንድ ሲጠሩ፣ የሰሙት ሰዎች ከሚያስፈልገን በተረፈው ላይ ማናችንም መብት የለንም ወደማለት ደረሱ።

ታዲያ ባዶውን ወንበር መስጠት ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምጽዋት ከሆነ የሰጠ ይመሰገናል፣ ያልሰጠም አይወቀስም። ዕዳ ከሆነ ግን ያልሰጠው ሰው የሌላውን ይዞ እየሄደ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚቀደስለት ቅዱስ ባስልዮስ፣ ቀጰዶቅያን በ4ኛው መቶ ዘመን ረሀብ በመታት ጊዜ ከባለጠጎች ጋር የተሟገተው በዚሁ ነጥብ ነው፤ በጎተራ የተከማቸው እህል የተራበው ሰው ንብረት ነው ብሎ አስተማረ። አንዱ በቀጰዶቅያ ቂሳርያ፣ ሌላው በዓረቢያ በረሃ፣ ሁለቱ ትምህርቶች በትርፍ ሀብት ላይ ይገናኛሉ።

ወንበር ግን ከእህልም የባሰ ጉዳይ ነው። እህል ያከማቸ ባለጠጋ ቢያንስ ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት ሊል ይችላል። ባሕሪ ካለችው ሀልፋያ ወደ ካርቱም ብቻውን የነዳ ሰው ግን ያልተቀመጡበትን አራት ቦታዎች ለነገ አያቆይም። አንድ ሰው ቢጨምር የሚያወጣው ነዳጅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ባይጨምር ደግሞ ያተረፈው ነገር የለም። ጎተራውን የሚከላከለው የቁጠባ ክርክር እዚህ አይሠራም። የወንበሩ ዕዳነት ከእህሉ ይልቅ ግልጽ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቃውሞው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የማያውቁትን ሰው መጫን ያስፈራል፤ በጨለማ ብቻዋን የምትነዳ ሴት በሯን ባትከፍት ማንም ሊፈርድባት አይገባም። ቀበቶ ያለው ለአምስት ሰው ከሆነም ሰባት ሰው አጭቆ መንዳት ደግነትን ወደ አደጋ ይለውጣል። ሐዲሱ ራሱ የሚናገረው ስለ ትርፉ ነው። ደኅንነት ከሚያስፈልጉ ነገሮች አንዱ እንጂ ትርፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ጥያቄው በባሕሪ እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆመ። የባሕሪ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ በውጊያው መጀመሪያ ቀናት ሥራ አቆመ፤ ውሃ በሌለበት ሠፈር መቆየት አልተቻለም። መኪና የነበረው ቤተሰብ ከሸክሙ የትኛውን እንደሚተው መወሰን ነበረበት። ፍራሽና ቴሌቪዥን የሚይዙት ቦታ መራመድ ያልቻሉ የጎረቤት አዛውንት ሊቀመጡበት የሚችሉበት ቦታ ነው፤ ሁለቱ አብረው አይገቡም። በካርቱም ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲጎርፉ፣ በሰው መኪና ላይ የተገኘ አንድ ቦታ ከገንዘብ ይበልጥ ነበር። በኋላም መኪናው ራሱ የዘራፊ ሲሳይ ሆነ፤ ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይም በኅዳር 2023 ፈረሰ።

የሱዳን ጦር በ2025 መጀመሪያ አብዛኛውን ባሕሪ መልሶ ከያዘ ወዲህ ነዋሪው ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ብዙዎች የተመለሱት መኪናቸው ተዘርፎ ነው። ዛሬ እዚያ መኪና የሚገመግም ሰው ታዲያ ከመሪው ወርዶ ከኋላ፣ መሀል ወንበር ላይ ቢቀመጥ ያዋጣዋል፦ እግሩ ወለሉ ላይ ባለው ጉብታ ግራና ቀኝ ይገባል? ጣሪያው ራሱን ይነካዋል? አሮጊት በበሩ በኩል ሳትቸገር ትገባለች? ለሶናታ የሚጨመረው ዋጋና ነዳጅ የሚገባው የኋላ ወንበሯ ለጎረቤትና ለመንገደኛ ክፍት ከሆነ ነው። ለአንድ ሰው የሥራ ምልልስ ግን ኮሮላ ትበቃለች፤ የእርሷም ሦስት የኋላ ቦታዎች ቢሆኑ በየማለዳው በየፌርማታው የሚጠብቃቸው ሰው አለ።